የከተማችንን ሆድ ማን ያውቀዋል? የተቀበሩ ቧንቧዎችን ካርታ ስለ ማንሳት

በአንድ የክረምት መግቢያ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሰፈራችን መንገድ ዳር የቆመ ኤክስካቫተር ገና ሁለት ሦስት ጊዜ አፈር ዝቆ እንዳነሳ መሬቱ ውኃ ተፋ። ውኃው ሽቅብ ተምዘግዝጎ የመብራት ሽቦ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ተቆጣጣሪው በስልክ ላይ ስልክ ይደውላል። እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ ጀሪካንና ባልዲ ይዘን ወጣን። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው የፈነዳ ቧንቧም ቢሆን በረከት ነውና።

በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው መስመሩን የሚዘጋው ቫልቭ ነበር። የመጡት ሠራተኞች ግን ቫልቩ የት እንዳለ አያውቁም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የመንገዱን ዳር በዲጂኖ ሲፈልጡ ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከቤታቸው ብቅ አሉ። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተነስተው እርምጃ ቆጠሩና «እዚህ ጋ ቆፍሩ» አሉ። ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ጥልቀት የቫልቩ ክዳን ተገኘ።

«ጋሼ፣ እንዴት አስታወሱት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔው ነኛ የቀበርኩት!» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ስሞት ግን ማንን ትጠይቁ ይሆን?» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ይሳቁ እንጂ እኔ አልሳቅሁም። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የሕግ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄያቸው ስላላስተኛኝ፣ የተቀበረ ቧንቧ እንዴት እንደሚገኝ፣ ካርታው እንዴት እንደሚነሳና ሕግ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ባለሙያ ስጠይቅና ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢ እነሆ እላለሁ።

ከእግራችን በታች ምን አለ?

አዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ የቀመሰችው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከእንጦጦ ምንጮች ወደ ቤተ መንግሥቱ በተዘረጋ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ገፈርሳ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገዳዲ ተከተለ፤ ቆይቶም የድሬ ግድብና የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተጨመሩ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ቧንቧ ቀብሯል። በብረቱ ላይ ፒቪሲ፣ በፒቪሲው ላይ ኤችዲፒኢ እየተደረበ፣ ጎን ለጎን የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ኬብል፣ የስልክ መስመርና ፋይበር ገቡ። ሁሉም በአንድ መንገድ ሥር ይተላለፋሉ። የየመሥሪያ ቤቱ ካርታ ግን ለየብቻው ነው፤ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሚዛንና በተለያየ እጅ የተሠራ።

ይህ ችግር በተለይ የሚገለጠው ትልቅ ግንባታ ሲመጣ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር ሲገነባ፣ ሐዲዱ ከመነጠፉ በፊት በመስመሩ ላይ ያሉትን የውኃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመሮች ማዛወር ግድ ነበር። የት እንዳለ በእርግጠኝነት የማይታወቅን ነገር ማዛወር ደግሞ ምን ያህል እንደሚፈትን ለማንም ግልጽ ነው።

ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ

ወጣት የሕግ ባለሙያ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የካሣ ጥያቄ ፋይል ይዤ ነበር። ሥራ ተቋራጩ ትልቅ ቧንቧ ሰብሯል። የቧንቧው ባለቤት «ካርታ ሰጥቼሃለሁ» ይላል፤ ተቋራጩ ደግሞ «ካርታህ በሚለው ቦታ ላይ አልቆፈርኩም» ብሎ ይከራከራል። ካርታ የተባለው በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ነበር። በላዩ ላይ «ከባሕር ዛፉ 4 ሜትር፣ ከአጥሩ 2 ሜትር ተኩል» ተብሎ ተጽፏል። ዳኛው «የትኛው ባሕር ዛፍ?» ብለው ሲጠይቁ ከሁለቱም ወገን መልስ አልተገኘም። ዛፉ ከተቆረጠ፣ አጥሩም ለመንገድ ማስፋፊያ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ኪሳራውን ተካፍለው ታረቁ። እውነቱ ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። ሥዕሉን የሠራው ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ስህተቱ የቧንቧውን ቦታ ከሚጠፋ ነገር ጋር ማሰሩ ነው። ዛፍ ይቆረጣል፣ አጥር ይፈርሳል፣ ሱቅም ይነሳል። የማይጠፋው በአገር አቀፍ የልኬት ሥርዓት ላይ የተመዘገበ ነጥብ ነው። የቅየሳ ቴክኖሎጂ የሚሰጠን ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

ሳይቆፍሩ ማየት

የተቀበረን መስመር ሳይቆፍሩ ለማግኘት በዋናነት ሁለት መሣሪያዎች ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የኤሌክትሮማግኔት መፈለጊያ ነው። በብረት ቧንቧ ወይም በኬብል ላይ አንድ አስተላላፊ መሣሪያ ምልክት ይለቃል፤ ቀያሹ በእጁ በያዘው ተቀባይ የምልክቱን መንገድ እየተከተለ በመሬቱ ላይ ቀለም ይቀባል። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ኬብል ከሆነ አስተላላፊ ባይኖርም የራሱን የ50 ኸርዝ ምልክት ስለሚያወጣ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያው ቀላልና ፈጣን ነው። ድክመቱ ፕላስቲክ አለማየቱ ነው። ፕላስቲክ ቧንቧ ሲቀበር አብሮት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ካልተዘረጋ በቀር መፈለጊያው በላዩ ላይ ቢመላለስም ምንም አይሰማም። የሽቦው ዋጋ ከቧንቧው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዛሬ ያልተዘረጋ ሽቦ ግን ነገ ብዙ ያስቆፍራል።

ሁለተኛው መሬት ዘላቂ ራዳር ነው። እንደ ሕፃን ጋሪ እየተገፋ ወደ መሬት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከአፈሩ የተለየ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ቧንቧን ተሻግሮ ሲያልፍ በስክሪኑ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ የታጠፈ መስመር ይታያል፤ የጣሪያው ጫፍ የቧንቧው አናት ነው። ለቧንቧ ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 700 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ይመረጣል። ዝቅ ያለው ጠልቆ ያያል፣ ግን ብዥ ይላል፤ ከፍ ያለው ጥርት አድርጎ ያያል፣ ግን ጠልቆ አይሄድም። ራዳር ፕላስቲክንም ማየት ስለሚችል መፈለጊያው የጎደለውን ይሞላል።

ይሁንና የእኛ አገር አፈር ለራዳር ጠላት ነው። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በብዛት ያለው ጥቁር መሬት፣ ኮትቻ የምንለው፣ ሸክላነቱ ሞገዱን ይውጠዋል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይብስበታል። ራዳሩ አንድ ሜትር እንኳ ሳይወርድ ሊታወር ይችላል። ይኸው አፈር ሲረጥብ እየነፋ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ቧንቧውን ራሱን ይሰብረዋል። ስለዚህ በአሸዋማ አገር የተቀረጸ የመሣሪያ ማስታወቂያ አይቶ «ሁሉን ያያል» ብሎ መግዛት ያስከፍላል። ባለሙያዎች እንደሚሉት እንዲህ ያለው ሥራ በበጋ ቢሠራና ሁለቱም መሣሪያዎች አብረው ቢያገለግሉ ይመረጣል። ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ደግሞ በእጅ ተቆፍሮ በዓይን መታየት አለበት።

ካርታ ሲዋሽና እውነት ሲናገር

የቧንቧው ቦታ በመሬቱ ላይ በቀለም ከተለየ በኋላ የቀያሹ ሥራ ይመጣል። ዛሬ በሳተላይት የሚሠሩ የቅየሳ መሣሪያዎች፣ ቦታው በታወቀ ቋሚ ጣቢያ እየታረሙ፣ የአንድን ነጥብ አቀማመጥ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይናገራሉ። በኪሳችን ያለው የስልክ ጂፒኤስ ግን በሜትሮች ስለሚስት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ረጃጅም ፎቆች ሰማዩን በሚጋርዱበት ጠባብ መንገድ ደግሞ ቶታል ስቴሽን ይተካል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አገራችን ለረጅም ዘመን ካርታዋን የሠራችው «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መነሻ ሲሆን፣ የሳተላይት መሣሪያዎች የሚሠሩት ግን «ደብሊው ጂ ኤስ 84» በተባለው ነው። አንዱን ነጥብ በሁለቱ ሥርዓቶች ብንጽፈው ልዩነቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው መዝግቦ ሳይናገር ቢቀር፣ ሁለቱም በትክክል ለክተው ካርታዎቻቸው ሲደራረቡ ቧንቧው ከጎረቤት ሳሎን ሥር ይገኛል። ስለዚህ በየትኛው ሥርዓት እንደተለካ የማይናገር ቁጥር ቁጥር አይባልም።

ጥልቀትም እንዲሁ ነው። «አንድ ሜትር ወደ ታች» የሚል መዝገብ መንገዱ አስፋልት ሲደረብበት ወይም ሲቆረጥ ትርጉሙን ያጣል። መመዝገብ ያለበት ቧንቧው ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። እሱ መንገዱ ቢለዋወጥም አይለወጥም።

ለሕግ ሰው ከሁሉ በላይ ደስ የሚያሰኘው ግን የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው፣ በ2022 ደግሞ ያሻሻለው ደረጃ ነው። ደረጃው ካርታው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር እንዴት እንደታወቀ አብሮ እንዲጻፍ ያዛል። በአማርኛ ፊደል ብናስቀምጠው፣ «መ» ከድሮ ሥዕልና ከሰው ቃል የተገኘ ነው። «ሐ» በገጽ ላይ የሚታዩ ክዳኖችንና ቆጣሪዎችን ቀይሶ ከሥዕሉ ጋር ያመሳከረ ነው። «ለ» በመፈለጊያና በራዳር የተገኘ ሲሆን፣ «ሀ» ደግሞ ተቆፍሮ፣ በዓይን ታይቶና ተለክቶ የተረጋገጠ ነው። በሕግ ቋንቋ ሰሚ ሰሚን ከዓይን ምስክር መለየት ማለት ነው። ያ የባሕር ዛፉ ሥዕል «መ» የሚል ፊደል ቢጻፍበት ኖሮ ተቋራጩ ተጠንቅቆ በእጅ በቆፈረ፣ ያ ክርክርም ባልተነሳ ነበር።

ከካርታ ወደ ሞዴል

ካርታ ቧንቧው የት እንዳለ ይናገራል፤ ሞዴል ደግሞ በውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ያሰላል። የእያንዳንዱ መስመር ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ፣ የተሠራበት ቁስና የቫልቮቹ ቦታ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ውኃው በምን ግፊት ወዴት እንደሚሄድ ማስላት ይቻላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው «ኤፓኔት» የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የሚውልና በነፃ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ችግሩ የፕሮግራም ዋጋ አይደለም። የጎደለው ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው እውነተኛ መረጃ ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ የትኞቹ ቫልቮች ቢዘጉ ጥቂት ሰው ብቻ ውኃ እንደሚያጣ ወዲያው ይታወቃል። በአንድ አካባቢ የገባውና በቆጣሪ የተነበበው ውኃ ሲነጻጸር፣ የጎደለው የት እንደሚፈስ መጠርጠር ይቻላል። በአዲስ አበባ ከሚመረተው ውኃ ሲሶ ያህሉ ገቢ ሳያስገኝ እንደሚቀር ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። በፈረቃ ውኃ ለሚጠብቅ ነዋሪ ይህ ተራ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። የተጣራ፣ በኤሌክትሪክ የተገፋና ወጪ የወጣበት ውኃ መንገድ ላይ ሲቀር ማለት ነው።

ሌሎች የከፈሉት ዋጋ

አንዳንድ አገሮች ይህን ትምህርት ያገኙት በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1995 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በአንድ የግንባታ ቦታ ሲቦረቦር የጋዝ ቧንቧ ተበሳ፤ ጋዙ አጠገቡ ወደነበረው የምድር ባቡር ግንባታ ገብቶ ፈነዳና 101 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት በመሄድ ላይ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ኮሪያ በዚያው ዓመት አገር አቀፍ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት መገንባት ጀመረች። በቤልጂየም ጊስለንጊን በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2004 ቀደም ሲል በግንባታ ማሽን የተጎዳ የጋዝ መስመር ፈንድቶ 24 ሰዎች አልቀዋል።

ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ በማሽን የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ የመሬት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት እንዲጠይቅ፣ የመስመር ባለቤቶችም መልስ እንዲሰጡ አስገድዳለች። የእንግሊዝ መንግሥት በበኩሉ በአገሩ በየ7 ሴኮንዱ አንድ ጉድጓድ እንደሚቆፈር፣ በዓመት 60,000 ያህል መስመሮች በስህተት እንደሚመቱና ይህም 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያስወጣ ገምቶ፣ የሁሉንም መስመሮች ካርታ በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ ይዟል። ወጪውን ለሚፈራም መልስ አለ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጥናት 71 የመንገድ ፕሮጀክቶችን መርምሮ፣ የተቀበሩ መስመሮችን አስቀድሞ ለመለየት የወጣ እያንዳንዱ 1 ዶላር 4.62 ዶላር እንዳዳነ አግኝቷል።

እኛ የከተማ ጋዝ ቧንቧ የለንም፤ ስለዚህ የዴጉ ዓይነት እልቂት አያሰጋን ይሆናል። የመብራት ኬብል በዲጂኖ የሚመታ የቀን ሠራተኛ፣ ከተሰበረ የፍሳሽ መስመር ጎን የተሰበረ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ግን በእኛም አገር አለ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሣ እንዲከፍል ያዛል፤ በቁጥር 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 464/1997 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ አውታሮችን መጉዳት ወንጀል አድርጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 857 የመሠረተ ልማት አውታሮችን የሚያቀናጅ የፌዴራል ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 818 ደግሞ የከተማ ይዞታ ተለክቶ እንዲመዘገብ ደንግጓል።

እንግዲህ ቅጣትም፣ ካሣም፣ ማቀናጀትም አለ። ነገር ግን በእኔ እምነት እነዚህ ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ጎድሏል። ቆፋሪው ቧንቧው የት እንዳለ ማወቅ የሚችልበት መንገድ ከሌለ ጥፋቱን በምን እንለካለን? ባለቤቱስ የራሱን ንብረት ቦታ ካላወቀ ምኑን ይጠይቃል? ለመሬቱ ገጽ ካርታና መዝገብ እየሰጠን፣ ለመሬቱ ሆድ ግን «ሆድ ይፍጀው» ብለን ትተነዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በሕግ ቢታሰሩ እላለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም መስመር ቀያሽ ሳይለካው አፈር አይመለስበት፤ ልኬቱን ያላስረከበ ተቋራጭም የመጨረሻ ክፍያው አይለቀቅለት። ቦዩ ተከፍቶ ሳለ መለካት የጥቂት ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ከተደፈነ በኋላ መፈለግ ግን ራዳር፣ ቁፋሮና ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መዝገብ የልኬት ሥርዓቱን፣ ቀኑን፣ የለካውን ባለሙያና የእርግጠኝነት ደረጃውን ይያዝ። ሦስተኛ፣ ቆፋሪ ሳይጠይቅ አይቆፍር፣ ባለቤትም በተወሰነ ቀን ውስጥ ይመልስ። ሳይጠይቅ የቆፈረ ይክፈል፤ ተጠይቆ ዝም ያለ ወይም የተሳሳተ የመለሰ ደግሞ ኪሳራውን ራሱ ይሸከም።

«እንዲህ ያለ ካርታ በክፉ ሰው እጅ ቢገባስ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ካርታውን አለመሥራት አይደለም። የባንክ ሒሳባችንም ምስጢር ነው፤ ባንኩ ግን መዝገብ አይዝም አይባልም። ቆፋሪው የሚያየው የሚቆፍረውን ቦታ ብቻ ይሁን፤ ማን መቼ እንዳየም ይመዝገብ።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዶችን ከፍቶ መስመሮችን ከመሬት በታች አስገብቷል። እንዲህ ያለ የተከፈተ ቦይ ሁልጊዜ አይገኝም። በውስጡ የተቀበረው ሁሉ ተለክቶ፣ በአንድ ሥርዓት ተመዝግቦና ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች ደርሶ ከሆነ ለልጆቻችን ትልቅ ቅርስ ነው። ካልሆነ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ በዲጂኖ የሚፈልጡት እነሱ ይሆናሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። እነዚያ የሰፈሬ አዛውንት ዛሬም በሕይወት አሉ። በቅርቡ ስንገናኝ፣ የቀበሯቸውን መስመሮች እየዞሩ እንዲያሳዩት የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ማንም» አሉኝ። አንድ ቀያሽ፣ አንድ መሣሪያና አንድ ሳምንት ቢበቃቸው ነው።

ቸር እንሰንብት።